ኖራ የተቀባው በር

«ቀቢው እንጂ! ምን ይገትርሻል?»

የብርጓል የኖራ ጣሳ ይዛ ከደጃፋቸው ቆማለች። አባቷ መሪጌታ አካለ ወልድ ከውስጥ ሆነው ያጣድፏታል። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከሠፈሩ ግርጌ የሠራው የወታደር ሆስፒታል ጠቦታል፣ ሊያሰፋው ነው እየተባለ ይወራል። ትናንት አንድ ሹም ወታደሮች አስከትሎ መጣና አንዳንዱ በር ላይ በኖራ መስቀለኛ ምልክት አደረገ፤ አንዳንዱን ዝም ብሎ አለፈው። ለምን እንደሆነ የነገረ የለም፤ ቢናገርስ ቋንቋውን ማን ይሰማዋል?

ሠፈሩ መሪጌታን ጠየቀ። ሌላ ማንን ይጠይቅ? እሳቸውም ዘጸአትን ጠቅሰው ፈቱት።

«ደም የተቀባውን ደጅ ቀሳፊው መልአክ አልፎት የለ? ምልክት ያለው ይተርፋል፤ የሌለው ወዮለት!»

በቃ! ምልክት የደረሰው እልል አለ። ጎረቤታቸው እትዬ ወለተ ኢየሱስማ «አምላኬ አየኝ» ብለው ጎረቤቱን ሁሉ ጠላ አጠጡ። ያልደረሰው ኖራ ፍለጋ ተሯሯጠ። የመሪጌታ በር ደግሞ ምልክት አልነበረውም።

የብርጓል ጣቷን ኖራው ውስጥ ስትነክር ከታች በኩል የሚሰበር እንጨት ጮኸ። ጣሳዋን እንደያዘች ሮጠች።

የታች ሠፈሩን የአያ ቢተውን ጣራ የጣሊያን ወታደሮች ገንድሰውታል። ሚስታቸው ከፍርስራሹ ውስጥ እንስራ ትጎትታለች። በሩ መሬት ላይ ተዘርሯል፤ ምልክቱ ጥርት ብሎ ይታያል። ምልክት የሌለው የጎረቤታቸው ቤት ግን ማንም አልነካውም።

ወይ ጉድ! ነገሩ ዞረባት። አባቷ ስንቱን መጽሐፍ በቃላቸው የሚወጡ ሰው ናቸው፤ እንዴት ይሳሳታሉ? ዓይኗስ እንዴት ይዋሻታል? እያለከለከች ተመለሰች።

«አባየ፣ የፈረሰው ምልክት ያለው ነው።»

መሪጌታ ጺማቸውን ነካኩ። «ቢተው... አንድ በደል ሠርቶ ይሆናል። እኔ እንጃ፣ ልጄ።»

አባቷ «እኔ እንጃ» ሲሉ ሰምታ አታውቅም። ከጣሊያኑ ይልቅ ይኼ አስፈራት። አሁን ብትናገር አባቷን በሠፈሩ ፊት ማዋረዷ ነው። ደግሞ እሷ ተሳስታ ቢሆንስ? ዝም ብትል ግን እትዬ ወለተ ኢየሱስና ታየች የምትባለው ልጃቸው፣ የልብ ጓደኛዋ፣ ዕቃቸውን እንኳ ሳያወጡ ቤቱ ይናድባቸዋል።

ጣሳውን ከአባቷ እግር ሥር አስቀምጣ እነታየች ቤት ገባች። እትዬ ወለተ ኢየሱስ ከትናንት የተረፈውን ጠላ ቀድተው ሰጧት።

«እንኪ ጠጪ፤ የደስታ ነው!»

የብርጓል ዋንጫውን ተቀብላ መሬት ላይ አኖረችው። ከምድጃው ፊት ተንበረከከችና ገና ያልበረደውን ጉልቻ በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ነቀለችው።

«ኧረ ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?»

«እትዬ፣ ታየችን ይጥሯት። ከባድ ከባዱን ቶሎ እናውጣ።»

እትዬ ወለተ ኢየሱስ ሊቆጧት አፋቸውን ሲከፍቱ መሪጌታ ጎንበስ ብለው ገቡ። ማንንም ቀና ብለው አላዩም። ምድጃ ነክተው የማያውቁት ሰውዬ ኩታቸውን አጣጥፈው ሁለተኛውን ጉልቻ አነሡ።