በእጅ ብቻ የሚከፈተው ሳጥን

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የልጅቷ አባት የጥገና ሸሪክ የነበረው ሰው ባዶ የኮምፒውተር ሳጥኖች ተሸክሞ ወደ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ገባ። አንዱን በግራ ብብቱ፣ አንዱን በቀኝ ይዞ ነበር፤ ሦስተኛውን ጥበቃው ከኋላው አመጣለት። ልጅቷ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትጠብቃት የነበረች ሰዓት ናት።

«እንዴት ናችሁ ልጆች?» አለ ሰውየው፣ ሳጥኖቹን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ እየደረደረ። እሷን ሲያይ ድምፁ ለስለስ አለ። «የኔ ልጅ፣ አለሽ? እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

ድሮ «አጎቴ» ትለው ነበር። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ ግን ምንም ብላ ጠርታው አታውቅም።

አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ይቺ ልጅ አፏ ስለማያርፍ ክፍሉ ሁሉ «ሬዲዮ» ይላታል። «መጣልሽ» አለች በሹክሹክታ። «ዛሬማ ድራማ አለ።»

«ሬዲዮ፣ ድምፅሽን ቀንሺ።»

የክፍሉ መስኮቶች የሚከፈቱት ወደ አቧራማው መንገድ ነው። መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ይገባል፣ ማሽኖቹ ይታፈናሉ፣ ይግላሉ፣ ከዚያ ድርግም ብለው ይጠፋሉ። የድሮዎቹ ሳጥኖች ዙሪያቸውን በብሎን የታሰሩ ስለሆኑ፣ ውስጣቸውን ለማጽዳት ካቻቢቴ የያዘ ጠጋኝ መጥራት ግድ ነው። የሚጠራውም የአባቷ ሸሪክ ነው። እሱ እስኪመጣ የተበላሸው ማሽን ጨርቅ ለብሶ ይከርማል፤ ተማሪዎቹም ለሦስት ለአራት እየሆኑ በተረፈው ላይ ይጋፋሉ። አሁን የዛጉት ሳጥኖች ሊቀየሩ ነው። የኮምፒውተር መምህሯ ምርጫውን ለክበቡ ልጆች ሰጠቻቸው። «የምትሠሩበትም የምታጸዱትም እናንተ ናችሁ» ብላ።

ልጅቷ ግን የምታስበው ስለ አቧራ አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ካለው ማሽን ፊት አባቷ ቆሞ ነበር። በዚያ ዓመት እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮታል። ሥራ ሲሠራ የፈታቸውን ብሎኖች ፕላስተር ላይ ይለጥፋቸው ነበር፤ የላዩን ከላይ፣ የጎኑን ከጎን፣ ማሽኑ ላይ በነበሩበት አኳኋን። እንደዚያ ካደረገ አይሳሳትም። የዚያን ቀን ግን የመጨረሻዋ ብሎን ከጣቱ አምልጣ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ገባች። ሊያወጣት ጎንበስ ሲል ሸሪኩ ሳቅ አለና፣ በመምህራኑም በተማሪዎቹም ፊት፣ «የሱ እጅ አብቅቶለታል፤ ከእንግዲህ እኔን ጥሩኝ» አለ።

እሷ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። አባቷ ያልቆሸሸ እጁን በጨርቅ ጠረገና ካቻቢቴውን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወደሚሠሩበት የጥገና ሱቅ አልሄደም። ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ ማሽን ፊቱ አስቀምጦ፣ አንዱን እጁን በሌላው አንቆ ይዞ፣ ብሎን ሲያስገባና ሲያወጣ ይውል ነበር። በሽታው ከእጁ ወደ እግሩ፣ ከእግሩ ወደ ጉሮሮው ሄደ። በዓመቱ ሞተ።

«ተይው እሱን» ትላታለች እናቷ፣ የሰውየው ነገር በተነሳ ቁጥር። «ለቅሶው ላይ እንደሱ ያለቀሰ ማን ነበር?»

ልጅቷን ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ይኸው ነበር። ማልቀሱ።

ከሦስት ሳምንት በፊት እናቷ አባቷ የተወውን ሹራብ ከሱቁ እንድታመጣ ላከቻት። በሩን ገፋ ስታደርግ ሰውየው ወፍራም መነጽር አድርጎ፣ አንዲት ብሎን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ፣ ብሎኗ ራስ ላይ ያለውን ስንጥቅ በጥፍሩ እየፈለገ ነበር። ሲያያት መነጽሩን አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው።

«አቧራ ገብቶብኝ ነው» አለ፣ ሳትጠይቀው።

ገባት። ዓይኑ ደክሟል፤ ደንበኛ እንዳይሸሸው ደብቆታል። ለትምህርት ቤቱ ሳጥን ሊያሳይ እንደሚመጣ ታውቅ ነበርና፣ ሹራቡን ታቅፋ ቤት እስክትደርስ የምታደርገውን ጨርሳ አስባ ነበር።

አሁን ሰውየው ሳጥኖቹን በየተራ እየነካ ያስረዳል። መነጽሩን አላደረገም። «ይሄ በብሎን የሚታሰረው ነው፤ ጠንካራ ነው፣ አይነቃነቅም። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ያለ መሣሪያ የሚከፈቱ ናቸው። ለዓይን ያምራሉ። ግን የዚህኛውን መያዣ እዩት፣ ፕላስቲክ ነው። ልጆች እየከፈቱ እየዘጉ በዓመቱ ይሰብሩታል። ያኔ መለዋወጫ ከየት ይመጣል?»

ልጅቷ መያዣውን በጣቷ ጠምዘዝ አድርጋ ሞከረችው። እውነቱን ነው። ሲዋሽ ልትይዘው ፈልጋ ነበርና አናደዳት። የመሐለኛው ሳጥን ማንሻ ግን ብረት ነበር።

«ቲቸር» አለች ተነስታ። «በወሬ ከምንመርጥ ከፍተን እንያቸው። እኔ መሐለኛውን ልክፈት፣ እርስዎ ደግሞ» አለች ወደ ሰውየው ዞራ፣ «ባለብሎኑን። ከተበላሹት ማሽኖች የወጡትን ሐርድ ዲስኮች አስገብተን፣ አውጥተን፣ መልሰን እንዝጋ። ማን እንደሚቀድም እንይ።»

«ከኔ ጋር ልትወዳደሪ?» ሰውየው ሳቀ። «በአባትሽ ወጥተሻል።»

«እሱን አያንሱት» ልትል ነበር፤ ዋጠችው።

«ጋሼ እንዳያፍሩ ብቻ» አለች ሬዲዮ ከኋላ። ልጆቹ ጠረጴዛውን ከበቡ።

መምህሯ «ጀምሩ» አለች። ልጅቷ ማንሻውን ሳበች፤ የሳጥኑ ጎን እንደ በር ተከፈተ። ዲስኩን ማቀፊያው ላይ አስቀምጣ እንደ መሳቢያ ገፋችው፣ ቀጭ አለ። አወጣችው፣ መለሰችው፣ ዘጋችው። የሷ ሥራ ውኃ ለመጠጣት የሚበቃ ጊዜም አልፈጀም። እጇ ይሠራ እንጂ ዓይኗ ሰውየው ላይ ነበር።

የኋላዎቹን ትልልቅ ብሎኖች በልምድ ፈታቸው። መዳፉ ውስጥ ያዛቸው። ጎኑን አነሳ፣ ዲስኩን ቦታው ላይ አደረገ። ከዚያ ትንንሾቹ ብሎኖች መጡ። አንዷን አስገባ። ሁለተኛዋን ሊያስገባ ቀዳዳውን በጣቱ ዳበሰ፣ ካቻቢቴውን አስጠጋ፣ ሳተው። ብሎኗ ቅጭል ብላ ሳጥኑ ውስጥ ወደቀች።

ሰውየው አጎነበሰ። ብሎኗ ባዶው ሳጥን ወለል ላይ ጉልህ ብላ ትታያለች፤ እሱ የሚፈልገው ግን ጥግ ላይ ነው።

«እዚያው እኮ ናት፣ አፍንጫቸው ሥር» አለች ሬዲዮ። አንድ ሁለት ልጆች ኪኪኪ አሉ።

«የሱ ዓይን አብቅቶለታል» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። መስታወት ፊት፣ መንገድ ላይ፣ ገላዋን ስትታጠብ ሁሉ ስትለማመደው ከርማለች፤ የሱን አሳሳቅ ሳይቀር። አሁን መምህሯ አለች፣ ተማሪዎቹ አሉ፣ ሁሉም እንደዚያ ቀን ነው። አፏን መክፈት ብቻ ነበር የቀራት።

ሰውየው ቀና አለ። መጀመሪያ እሷን አየ፣ ከዚያ ዓይኑ ወደ መስኮቱ፣ ያ ማሽን ወዳለበት ሄደ፣ ተመልሶም ወደሷ መጣ። እሱም እንዳልረሳው ያኔ አወቀች።

አፏን ገጠመች። ብሎኗንም ግን አላነሳችለትም። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ሲፈልግ አየችው። ጣቱ በብሎኗ አጠገብ አለፈ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ አለፈ። በመጨረሻ አንስታ መዳፉ ላይ ያስቀመጠችለት መምህሯ ናት።

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?»

«አይ...» ሰውየው ብሎኗን ጨበጣት። «መነጽሬ ሱቅ ነው ያለው። ያለሱ አላይም።»

መምህሯ ወደ ልጆቹ ዞረች። «እሺ፣ የቱ ይሁን?»

«መሐለኛው» አለች ልጅቷ። «ማንሻው ብረት ነው፣ አይሰበርም። ጠጋኝ ሳንጠራ ራሳችን እናጸዳዋለን። ማንም ይከፍተዋል።» ቆም አለችና ሰውየውን ፊት ለፊት እያየች ጨመረች፤ «እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰውም ይከፍተዋል።»

ልጆቹ የማስታወቂያ ወሬ መስሏቸው ሳቁ። ሰውየው አልሳቀም።

«አዎ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይከፍተዋል።»

ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተ። ሁለቱን ሳጥኖች ይዞ ሲወጣ በሩን በትከሻው ገፍቶ ነው የከፈተው። በሩ አጠገብ የነበረችው እሷ ናት፤ አልያዘችለትም።

ወደ ቤት ሲሄዱ ሬዲዮ እስከ መታጠፊያው ድረስ ራሷን ያዘች፤ ለሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ አልቻለችም።

«እኔ የምልሽ፣ ለምን ተውሽው? ስትለማመጂው እኮ የሰማሁት እኔ ነኝ። ጆሮዬ እስኪደነቁር።»

«አባዬ የሰማው ነገር ነው» አለች ልጅቷ። «ደግሜ መስማት አልፈለግኩም።»

«አዘንሽለት?»

«አላዘንኩም።»

«ትንሽም?»

«ሬዲዮ፣ ተራመጂ።»

ሳጥኖቹ በሚቀጥለው ወር መጡ። የክበቡ ልጆች ዓርብ ዓርብ ራሳቸው እየከፈቱ ያጸዷቸዋል። ትምህርት ቤቱ ሰውየውን ዳግመኛ አልጠራውም። የዓይኑ ነገር ተሰምቶ ሌሎች ደንበኞችም ሸሹት፤ በዓመቱ ሱቁ ተዘጋ፤ አሁን እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ይሠራል።