ሁለት ዙር ላይ የቆመው ማጋጠሚያ

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ድሬዳዋ ሳድግ ስለ ጂን ማውራት ሲጀመር ስቄ የምነሳው እኔ ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ ይህን የማወራውም ቢቸግረኝ ነው።

ሀርጌሳ ፍርስራሿን ጠርጋ ቤቱ ሁሉ አዲስ በር በሚያሠራበት ጊዜ፣ ከኑረዲን ጋር አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈሯ ውስጥ ብየዳ ቤት ነበረን። ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ የጋዝ ጎማ ከሲሊንደር ጋር ስናገናኝ አንድ የማይለውጠው ሕግ ነበረው፣ ማጋጠሚያው መጀመሪያ በባዶ ጣት አራት ዙር መግባት አለበት፣ ቀድሞ ከቆመ ጠመዝማዛ ጥርሱ የሌላ ነው፣ ሌላ ፈልግ ይላል። አንድ ቀን የበሩ ባለቤት ቆሞ ሲያጣድፈኝ፣ ከአሮጌ ዕቃ መሃል በዓይኔ ለክቼ ያነሳሁት ማጋጠሚያ ሁለት ዙር ገብቶ እምቢ አለ፣ እኔም ክፍተት የሚደፍነውን ቴፍሎን ደራርቤ ጠቀለልኩበትና በብሎን ቁልፍ አስገድጄ አጠበቅኩት። ኑረዲን ከዙሁር ሶላት ተመለሰ።

«በጣትህ ሞክረኸዋል፣ አቦ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ጋዙን ሲከፍተው ማጋጠሚያው ተፈናጠረ፣ እሳት ተነስቶ እሱን ያዘው፣ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ለሁሉም ጎማው አርጅቶ ነው አልኩ። ወንድሙ ሙክታር ከጅግጅጋ መጣ፣ ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው ብሎ አቀፈኝ፣ በእሱ ቦታም ሥራ ገባ። እኔ አላለቀስኩም፣ ውስጤ ድንዝዝ ብሎ ነበር፣ እበላለሁ፣ እበይዳለሁ፣ እተኛለሁ፣ በቃ።

ከወር በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሙክታር መስጊድ ሄዶ ብቻዬን ነበርኩ፣ አዲስ ጎማ በአዲስ ማጋጠሚያ አጥብቄ፣ ጋዝ እንዳያፈስ ለማየት የሳሙና አረፋ ቀባሁበት፣ ሲሊንደሩን ግን ገና አልከፈትኩም፣ ወላሂ ዝግ ነበር። አረፋው አበጠ። ከዚያ ሟሸሸ። እንደገና አበጠ፣ ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሰው እንደሚተነፍሰው፣ ጆሮዬን ሳስጠጋ ቀጭን ሽውታም ይሰማል። ነፋስ ይሆናል ብዬ የጎማውን ሌላ ጫፍ በአውራ ጣቴ ደፈንኩት፣ አላቆመም።

ፈትቼው በጣቴ መልሼ ላስገባው ሞከርኩ። ሁለት ዙር ሄዶ ቆመ። አዲስ ነው እኮ፣ አብረው የተገዙ ናቸው፣ ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ያው ሁለት። ሙክታር ሲመለስ ከእጄ ተቀብሎ በሁለት ጣቱ አዞረው፣ አራት ዙር ሰተት ብሎ ገባ።

«እጅህ ምን ሆኗል?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

ይኸው ዓመታት አለፉ፣ የትኛውም ማጋጠሚያ በእኔ ጣት ከሁለት ዙር አልፎ አያውቅም። አሁን የሚያጋጥመው ሙክታር ነው፣ በቁልፍ ከማጥበቁ በፊት ሁሌ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ስለ ወንድሙ ሊጠይቀኝ ይመስለኛል። ቢጠይቀኝ፣ አሁንም ጎማው አርጅቶ ነው የምለው ይመስለኛል።