ትኩስ ጭቃ

ባሕሩ በሰንደራ ቤተ መንግሥት ሰባተኛው ደረጃ ላይ በወጣበት ቀን ንጉሥ አርጋዝ ነጋሪት አስመታ። የቀድሞ ነገሥታት ማዕበሉን የገቱበትን የወርቅ ልጓም ጎምዛር የተባለው የባሕር አውሬ ከሰረቀው ሰባት ወር ሆኖት ነበር፤ ውሃውም በየወሩ አንድ ደረጃ ይወጣል። የቀሩት ሦስት ደረጃዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ከተማው ነው።

ጠቢባኑ አንድ የጥንት ቃል አነበቡ፦ «ልጓሙን የጨበጠ ጎምዛርን ወደ ወደደው ይነዳዋል፤ ነጂው ግን ከተነጂው አይለይም።» አውሬው የት እንደተኛ የሚናገር ቃል ግን አልተገኘም።

ያን ጊዜ ሐራንያ ከሕዝቡ መካከል ተነሣች። ሃያ ዓመት ያልሞላት፣ እንደ ሟች አባቷ የባሕር ወለል ለኪ ነበረች። «ንጉሥ ሆይ፣ አውሬ የተኛበት ወለል እንደ ሌላው ወለል አይሆንም። ክንድ በክንድ እየለካሁ እፈልገዋለሁ። እስካገኘው ድረስ ደረቅ መሬት ብረግጥ ስሜ ከሰንደራ ይጥፋ!» ብላ ማለች።

እናቷ ቀለሟ ይህን ሰማች። ባሏን የወሰደው ይኸው ባሕር ነው። አልተሟገተችም። በነጋታው ግን መርከቡ ላይ ተቀምጣ ገመድ ስትፈትሽ ተገኘች።

«እማ፣ ውረጂ እንጂ!»

«የምትሰምጪ ከሆነ እያየሁሽ ስመጪ። ደግሞ ይህን ማን ነው የቋጠረው? ዶሮ እንኳ አይዝም!» አለችና ፈትታ እንደ አዲስ ቋጠረችው።

ሃያ ቀን ተጓዙ። ሐራንያ ከገመዱ ጫፍ የታሰረውን ከባድ የእርሳስ ብረት ወደ ባሕሩ ትወረውራለች። የእርሳሱ ግርጌ ጎድጓዳ ነው፤ ጎድጓዳው በበሬ ሞራ ይሞላል፤ ወለሉን ሲነካ አሸዋውም ጭቃውም ሞራው ላይ ተለጥፎ ይመጣል። ቀለሟ በየክንዱ የታሰረውን የገመዱን ቋጠሮ ትቆጥራለች፤ ልጅቱ የወጣውን በጣቷ ታሻለች፣ በምላሷ ትቀምሳለች። ነጭ አሸዋ። የተሰባበረ ዛጎል። ጥቁር አመድ የመሰለ ደለል። እናትየው ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ የምትለው አንድ ነው፦ «ድገሚው።»

«እትዬ ቀለሟ፣ ባሕር ይዋሻል እንዴ?» ይሏታል መርከበኞቹ እየሳቁ።

«ባሌን ‹ለምሳ እደርሳለሁ› አሰኝቶ ያስቀረ ባሕር ነው። ላንተ እውነቱን ይነግርሃል?»

በሃያ አንደኛው ቀን ረፋድ ላይ ጥልቀቱ ከሰባ ክንድ ወደ ሃምሳ ወረደ። የሰንደራ ባሕረኛ ወለሉ ከፍ ሲል የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ መሬት ቀርቧል። የመጠጥ ውሃቸውም እያለቀ ነበርና የመርከቡ አዛዥ ናሁድ፣ «ደሴት ነው!» ብሎ ጮኸ። ሸራው ተጠቀለለ፣ መልሕቁ ወረደ፣ ዘፈን ተጀመረ።

«ድገሚው» አለች ቀለሟ።

«እማ፣ መርከቡ ቆሟል እኮ! ያው ሃምሳ ነው።»

«ድገሚው አልኩሽ!»

አርባ ሆነ። ሲደገም ሠላሳ ሦስት። መርከቡ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ሐራንያ ጣቷን ሞራው ውስጥ አስገባች። ግማሹ ቀልጧል፤ የተለጠፈበት ግራጫ ጭቃ እንደ ታመመ ልጅ ግንባር ይተኩሳል።

«ይህ ወለል አይደለም» አለች። «ጀርባው ነው። እየተነሣ ነው።»

ዘፈኑ ቆመ። «የመልሕቁን ገመድ ቁረጡ!» አለ ናሁድ።

«አይቆረጥም!» ሐራንያ ገመዱ ፊት ቆመች። «ሰባት ወር ሙሉ ደረጃ በደረጃ ሸሽተነዋል። ከእንግዲህ ወዴት ነው የምንሸሸው? ይምጣ!»

ቀለሟ ልጇን አልከለከለችም። የመለኪያውን ገመድ በልጅቱ ወገብ ዙሪያ አዙራ ቋጠረችና ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ሳበች።

ባሕሩ እንደ ተራራ አበጠ። የዘመናት ጭቃ ከጎምዛር ጀርባ እየተናደ ወረደ፤ መልሕቁ አንገቱ ላይ ካለው የወርቅ ልጓም ጋር ተጠላልፏል። ሐራንያ በመልሕቁ ገመድ ተንሸራታ ወረደችና ልጓሙን ጨበጠች። አውሬው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ወዴት ትነዳዋለች? ከጥልቁ በቀር የሚበቃው ስፍራ የለም። የጥንቱ ቃል ትዝ አላት፦ ነጂው ከተነጂው አይለይም።

«አምጪው» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ። እናቷ በዚያው ገመድ ወርዳ ነበር።

«እማ፣ የማልኩት እኔ ነኝ!»

«የማልሽው እስክታገኚው ነው፤ አገኘሽው። እኔን ደግሞ ማንም አላስማለኝም።» ልጓሙን ነጠቀቻት፣ መልሕቁን ከልጓሙ አላቀቀች፤ ወደ መርከቡም ቀና ብላ፣ «ምን አፍጥጣችሁ ታዩኛላችሁ? ጎትቷት!» አለች።

ሐራንያ እየጮኸች ተጎተተች። ቋጠሮው አልተፈታም።

ቀለሟ በጎምዛር አንገት ላይ ተቀመጠች። «ስፈራህ ኖሬአለሁ» አለችው። «ባሌን በላህ፣ እንቅልፌን በላህ። ልጄን ግን አትበላም። ከዛሬ ጀምሮ የምትፈራው አንተ ነህ። ውረድ!»

ወረደ። ውሃው ተከደነ።

በዚያው ሰዓት በሰንደራ ባሕሩ ከሰባተኛው ደረጃ ወደ ስድስተኛው እንደ ሸሸ ኋላ ተነገራቸው። መርከቡ ላይ ግን ሐራንያ እርሳሱን አነሣች፣ ሞራውን ሞላች፣ ወረወረች። ሰባው ቋጠሮ አለፈ፤ መቶውም አለፈ፤ በመቶ ሃያ ነካ። የወጣው ጭቃ እንደ በረዶ ቀዝቃዛ ነበር።

«ልጄ፣ ሄዷል» አለ ናሁድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንመለስ።»

ሐራንያ ዓይኗን ጠረገች፤ እርሳሱን እንደገና በሞራ ሞላች።

«ይደገማል» አለች።