የአናጢው የሪህ መድኃኒት

አናጢው ሐሙስ ጠዋት አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። የደም ምርመራው ከሳምንት በኋላ ሲመጣ፣ ለእግሩ የሚወስደው የሪህ መድኃኒት ከልክ በላይ ተገኘበት። ረቡዕ ማታ ሾርባ ያጠጣችው አስታማሚዋ ነበረችና ጣት ሁሉ እሷ ላይ ተቀሰረ።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ የሰው ወሬ ነፍታ እብቁን ስለምታስቀር። አለቃዋ የእምነት ቃሉን ወረቀት አስይዘው ወደ አስታማሚዋ ላኳት።

«አልፈርምም» አለች አስታማሚዋ፣ ወረቀቱን ሳታየው። «አንድ ዓመት ሙሉ እንደ አባቴ ያነሳሁ ያስተኛሁት ሰው ነው። እጄን ቁረጡት እንጂ አይፈርምም።»

«መቼ ታመሙ?»

«ሰኞ ዕረፍቴ ነበር። ማክሰኞ ስገባ ሲያስመልሳቸው አደረ አሉኝ። ረቡዕ ሻል ብሏቸው ‹ዓርብ ፍርድ ቤት ሄጄ ስለ መጋዙ አደጋ እመሰክራለሁ› ሲሉኝ ነበር።»

ወንፊት ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች። የሟቹን ብልቃጥ ከፍታ ክኒኖቹን ቆጠረች፤ ከታዘዘው ልክ በላይ አንድም አልጎደለም። በቀጥታ ወደ ሐኪሙ ሄደች።

«ከአንዲት አበባ ሥር የሚወጣ መድኃኒት ነው» አላት ሐኪሙ። «ሲበዛ ቸኩሎ አይገድልም። መጀመሪያ ለሰዓታት ድምፁን ያጠፋል። ከዚያ ሆድ ያገላብጣል፣ ያስመልሳል። ቀጥሎ ጋብ ሲል ሰው ዳነ ይባላል። ውስጥ ለውስጥ ግን መቅኔውን፣ ኩላሊቱን፣ በመጨረሻም ልቡን ያደክማል።»

«ጥቂት የቀመሰ ሰውስ?»

«ሊተርፍ ይችላል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጠጉሩ ይረግፋል።»

የሟቹ ሚስት ቤት ስትደርስ ሴትዮዋ ከትከሻዋ ላይ ጠጉር እየለቀመች ነበር።

«ሐዘኑ ነው የሚያረግፈኝ፣ ልጄ።»

«እትዬ፣ ከመሞታቸው በፊት በነበረው ሰኞ ከባለቤትዎ ጋር ማን ነበር?»

«እኔና ወንድሙ። ብርቱካን ከነልጣጩ አስፈጭቶ አመጣለት። ባሌ መረረኝ ብሎ አስተረፈው፤ መጣል አልወድም፣ እኔ ጨለጥኩት። ማክሰኞ እኔንም ሆዴን ሲቆርጠኝ ዋለ።»

በማግሥቱ ወንፊት ሁሉንም በሟቹ ቤት ሳሎን ውስጥ ሰበሰበች። አለቃዋ ፊታቸውን አኮሳትረው በር ላይ ቆሙ። አስታማሚዋ አንገቷን ሳትደፋ ገባች። የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ሟቹ ይሠራበት በነበረው እንጨት ፋብሪካ የመጋዝ ክፍል ኃላፊ፣ አንድ እግሩን በነጠላ ጫማ እየጎተተ መጥቶ ተቀመጠ፤ አውራ ጣቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ አብጧል።

«ሁላችሁም የረቡዕን ሾርባ ያዛችሁ» አለች ወንፊት። «ሰውየው ግን ማክሰኞ ንጋት ላይ እያስመለሰው ነበር። ገና ያልጠጣው ሾርባ እንዴት ያሳምመዋል? መድኃኒቱ የገባው ሰኞ፣ አስታማሚዋ በሌለችበት ነው። ከሟቹ ብልቃጥም ትርፍ ክኒን አልተነካም። የመጣው በጭማቂው ነው፤ ልጣጩ የመድኃኒቱን ምሬት ሸሸገው። ትራፊውን የጠጡት እትዬ ጠጉራቸው እየረገፈ ይኸው ይመሰክራል።»

ሚስትየው ሻሿን በሁለት እጇ ያዘች።

«እኔ ምን በወጣኝ!» አለ ወንድምየው።

«እርስዎም ሪህ አለብዎት። ፋርማሲውን ጠይቄያለሁ፤ ከዚያች ሰኞ በፊት በነበረው ቅዳሜ ሙሉ ብልቃጥ ሰጥቶዎታል። ታዲያ እግርዎ እንዲህ ሲያብጥ መድኃኒትዎ የት ሄደ?»

ያበጠ እግሩን ወንበሩ ሥር ጎተተ።

«እርስዎ የመጋዙን መከላከያ ስላስነቀሉ አንድ ሠራተኛ አራት ጣቶቹን አጣ። ወንድምዎ ዓርብ ያንን ሊናገር ነበር።»

«ወንድም በወንድሙ ላይ ይመሰክራል?» ብሎ ጮኸ። «በደም ይጨከናል?»

«ጨክነው ያሳዩን እርስዎ ነዎት።»

አለቃዋ ካቴናውን ራሳቸው አወጡ። ወንድምየው እያነከሰ ሲወጣ ሚስትየው የአስታማሚዋን ክንድ ያዘች።

«ልጄ፣ ነፍሰ ገዳይ ብዬሻለሁ። እዚሁ ይቅር በይኝና ነገሩ ይለቅ።»

«ገዳይ ያሉኝ ለቅሶው ላይ ነው፣ እትዬ፤ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ» አለች አስታማሚዋ። «ይቅርታውንም እዚያው ሰፈር መሐል ቆመው ይጠይቁኝ። እጠብቅዎታለሁ።»

መንገዱ ላይ ጎረቤት ተኮልኩሎ ነበር። አስታማሚዋ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ መሐላቸው ገብታ ቆመች።