ውርጭ ያላረጋው ቅቤ

ቅቤ ነጋዴው ወዳጆ የተገኘው በገዛ መጋዘኑ ውስጥ ተንበርክኮ፣ ፊቱን በርሜል ላይ ደፍቶ ነው። ያን ጠዋት የመሐል ሜዳ የታኅሣሥ ውርጭ የተተፋ ምራቅ መሬት ሳይነካ ጠጠር ያደርግ ነበር ቢባል፣ ቦታውን የሚያውቅ አይከራከርም።

ኢንስፔክተር ይመኙሻል በሩ ላይ ቆማ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ጫነች። አፍንጫ ያለው ሰው በመንዝ ሞልቷል፤ የእሷ ግን ሩቅ ራቤል ላይ ሽሮ ቢያር መሐል ሜዳ ላይ ከእንቅልፏ የሚያባንናት አፍንጫ ነው። በዚያ ላይ የገና ጾም ነው፤ ቅቤ በዓይኗም ማየት አትፈልግም።

«ጠጥቶ ወድቆ ነው፤» አለ ሳጅን ተገኘ። «መቼም አረቄ ይወድ ነበር።»

«እስቲ አንሱት።»

ቀና ሲያደርጉት ከፊቱ ላይ ቢጫ ቅባት እንደ ንፍጥ እየተዝለገለገ ወረደ። ሳጅኑ አፉን ይዞ ወደ ውጭ ሮጠ። ይመኙሻል ግን አልወጣችም። በርሜሉ ውስጥ ያለውን ቅቤ በጣቷ ገፋችው። ድንጋይ! ፊቱ ባረፈበት ጎድጓዳ ዙሪያ የማንኪያ ጭረት አየች።

ደጅ ያለው ሕዝብ ፍርዱን ጨርሷል። መሐል ላይ ያስቀመጧት ጽናት፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ ለመመረቂያዋ የቅቤ ገበያ ልታጠና የመጣች ልጅ ናት። ጣታቸውን የቀሰሩባት ደግሞ ጋሽ ይሥሐቅ ናቸው፤ የወዳጆ የጓሮ ጎረቤት፣ የከተማው ትልቁ ቅቤ ነጋዴ፣ የዕድሩ ዳኛ፣ ፀሐይ አናት ላይ ካልወጣ ሱቃቸውን የማይከፍቱ ጌታ።

«ጥናት ትበላችሁ እንጂ ግብር ልታስጨምርብን የመጣች ሰላይ ናት! ትናንት ከወዳጆ ጋር ስትነታረክ አገር አይቷታል። ምስኪን ወዳጆዬ! ሰው እንዲህ ዘይት ለዘይት ሆኖ ይሙት?»

ሕዝቡም «እዬዬ! ቅቤ በላው! ቅቤ በላው!» እያለ ተቀበላቸው።

ይመኙሻል በመጀመሪያ የሟቹን ሚስት እትዬ ጥሩሸዋን ለብቻ አነጋገረች።

«ጠጥቶ ነበር?»

«ጾም ከገባ አረቄ በአፉ አይዞርም፣ እቴ። ‹ለተማሪዋ የማሳያት ነገር አለ፤ ያየ ሁሉ የበላውን ይተፋል› ብሎኝ ወጣ። በዚያው ቀረ።»

ቀጥሎ ጋሽ ይሥሐቅ ገቡ።

«አስከሬኑን አይተውታል፣ ጋሼ?»

«ኧረ እኔ! ጾመኛ ሰው ምን በወጣኝ። ደጃፉንም አልረገጥሁ።»

በመጨረሻ ጽናት ቀረበች።

«በምን ተነታረካችሁ?»

«ስሜን አትጻፊ አለኝ። ስም የሌለው መረጃ መምህሬ አይቀበለኝም አልሁት።»

«ለመሆኑ ቅቤ ምኑ ይጠናል?»

«እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር። ኢንተርኔቱ የአዲስ አበባን ዋጋ እንጂ ስለ እኛ አገር ቅቤ አንድ ቃል አያውቅም። ቢሮ ስሄድ ‹ደብዳቤ አምጪ›፤ ደብዳቤ ሳመጣ ‹ኃላፊው ስብሰባ ናቸው›። ነጋዴውን ስጠይቅ ሁሉም ‹የኔ የላም ነው›። ሲመረኝ ጥያቄውን ትቼ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ገዛሁ። የተከራየሁበት ቤት መስኮት ላይ በቆርኪ፣ ከሥሩ የሻጩን የመጀመሪያ ፊደል ጭሬ ደርድሬዋለሁ።»

«ወዳጆስ ምን ሊያሳይሽ ነበር?»

«‹ሣር በጠፋበት ዘመን የማትነጥፍ ላም ያለው ሰው አለ› ብሎኛል። ስሙን ዛሬ ሊነግረኝ ነበር።» እንባዋ ፈሰሰ። «እማዬ በጎቿን ሸጣ ነው ያስተማረችኝ። ነፍሰ ገዳይ ተብዬ ልግባላት?»

ይመኙሻል በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ቆርኪዎቹን በጣቷ አንድ በአንድ ተጫነች፤ ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ ድንጋይ... አንዱ ላይ ጣቷ ሰመጠ። አሸተተችው። የሞተ ጅብ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ሽቶ ነው! ሳምቡሳና ድንች ተጠብሶበት፣ ተጠብሶበት፣ የጠቆረ ዘይት። የወዳጆ ፊት ሽታ። ቆርኪውን ገልብጣ የተጫረበትን ፊደል አየችና ይዛው ተመለሰች።

ፀሐይዋ ሳትበረታ ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«በርሜሉን ንኩት።»

ነኩት። «ድንጋይ ነው፤» አሉ።

«ሰው ድንጋይ ውስጥ አይሰምጥም። ይህን ጎድጓዳ የቆፈረው ማንኪያ ነው። ወዳጆ ሌላ ቦታ ሞቶ እዚህ የተደፋ ነው።»

«ማታ ቀልጦ ይሆናላ!» አሉ ጋሽ ይሥሐቅ።

«ቀልጦ ቢሆን ፊቱም ላይ በረጋ ነበር። የፊቱ ቅባት ግን ውርጩን ሁሉ ችሎ ሲፈስ አደረ። ጽናት ከገዛችው ቅቤም እንዲሁ ያልረጋው ይህ ብቻ ነው። ፊደሉን አንብቢልን።»

«ይ... ነው የሚለው፤ የማን እንደሆነ ግን ጠፋብኝ።»

«ታዲያ ይታየው የሚባለውስ ጉልት ላይ ቅቤ አይሸጥም?» ጋሽ ይሥሐቅ ጮኹ።

«ይሸጣል። ስለዚህ ፊደሉን እንተወው። ዛሬ ጠዋት አገሩ ሁሉ ‹ቅቤ በላው› እያለ ሲያለቅስ፣ አንድ ሰው ብቻ ‹ዘይት ለዘይት› አለ። ያው ሰው ‹ደጃፉንም አልረገጥሁ› አለኝ። ጋሼ፣ በርሜሉ የቅቤ ነው፤ ፊቱ ላይ ያለው ዘይት መሆኑን ማን ነገረዎት?»

ሳጅን ተገኘ የጓሮውን በር ገፍቶ ወደ ጋሽ ይሥሐቅ መጋዘን ዘለቀና አፍታም ሳይቆይ አፍንጫውን ይዞ ተመለሰ። ቅቤ እንዲመስል በእርድ ቢጫ የተደረገ አሮጌ ዘይት የሞላበት በርሜል፣ የሞቱ ዝንቦች፣ በዝንቦቹ መሐል ደግሞ የወዳጆ ቆብ።

«እሱስ ቢሆን ስንት ዓመት አብሮኝ ሲሸጥ ኖሮ!» ጋሽ ይሥሐቅ ፈነዱ። «ዛሬ ጻድቅ ልሁን አለኝ። በርሜሉን ለልጅቱ አሳያለሁ ሲለኝ ገፋሁት፤ ዘይቱ ውስጥ በአፍጢሙ ተደፋ።»

«አንተ!» አለች ጥሩሸዋ። ከዚያች ቃል ወዲያ መንዝ ውስጥ ይሥሐቅን «እርስዎ» ያለ ሰው አልተገኘም። «የልጄን የክርስትና ዶሮ ወጥ በዚህ ሠራሁት?» ብላ እግሩ ሥር ተፋች። የቀረው ሕዝብ መትፋት ብቻ አልበቃውም፤ ያን ቀን መሐል ሜዳ ያስታወከችው ጀማ ወንዝን ያስንቃል።

ጽናት ስትለቀቅ ይመኙሻል እስከ ቤቷ ሸኘቻት። ቀትር ሆኗል። መስኮቱ ላይ ፀሐይ ወጥታበት የቆርኪዎቹ ቅቤ ሁሉ ቀልጧል፤ ይመኙሻል የመለሰችውን ቆርኪ ከመሐላቸው ስታስቀምጠው ሁሉም አንድ ዓይነት ወርቅ መሰለ።

«አሁን ለዪልኝ ቢሉኝ አልችልም፤» አለች ጽናት።

ይመኙሻል ጣቷን በሻርፗ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች። ሽታው አልለቅ አላት።

«አዬ ልጄ! ይሥሐቅስ ሱቁን በቀትር የሚከፍተው ለምን መሰለሽ?»