ጅራቱ የተቀደደው ቆሮሶ

ዓሣው ከነጭንቅላቱ ሲመጣ ሜሪ ፎቶ ልታነሳበት ያዘጋጀችውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ትልቅ ቆሮሶ ነበር። ነጭ ሳህን ላይ በጎኑ ተጋድሞ፣ አፉን በትንሹ ከፍቶ፣ በአንድ ዓይኑ ሜሪን ያያል። አስተናጋጁ ሱፊያን «መልካም ምግብ» አለና ፈንጠር ብሎ ቆመ።

«ወላሂ እያየሽ ነው!» አለች ሃፍሳ፣ ሳቋን በሶፍት አፍና። «ሰላም በይው እንጂ፣ እንግዳሽ ነው።»

«ዝም በይ አቦ!»

የሜሪ ልደት ነበር። አዳማ ውስጥ አዲስ ሆቴል አናት ላይ የተከፈተውን የዓሣ ሬስቶራንት ልጆቹ «ፎቁ» ነው የሚሉት። ሜሪ ከቤተሰቦቿ ጋር ሁልጊዜ እንደምትመጣ ስትናገር ነው የከረመችው። ለዛሬም «እኔ አዛለሁ፣ እናንተ ዝም ብላችሁ ትበላላችሁ» ብላቸው፣ ሜኑውን ሳትከፍት «ሙሉ ዓሣ!» ብላ አዘዘች። አሁን ግን ሹካዋን እንዳነሳች ቀርታለች። ግንባሯ ላይ ላብ ቸፍ ብሏል።

ሦስተኛዋ ጓደኛቸው ጋዲሴ ጭንቅላቱን አላየችም። እሷ ያየችው ጅራቱን ነው። ጫፉ ላይ ወደ ውስጥ የገባ ቅድ አለ። ጠዋት ግቢያቸው ውስጥ ቅርፊቱን ስትፍቅ ቢላዋው አዳልጧት የቀደደችው ራሷ ናት። «ግድ የለም፣ መረብ የቀደደው ነው የሚመስላቸው» ብላ ነበር እናቷ፣ በረዶው ላይ ስታስተኛው።

እናቷ ዘርፉ ሳይነጋ በሚኒባስ ቆቃ ሐይቅ ሄዳ ከአሥጋሪዎቹ ዓሣ ትገዛለች። ተመልሳ ከጋዲሴ ጋር ታጸዳና ለሆቴሎች ታደርሳለች። አባቷ በሕይወት ሳለ የእሱ ሥራ ነበር። ጋዲሴ ሳጥኑን እስከ ባጃጁ ድረስ ታግዛለች እንጂ ወደ ሆቴሎቹ አብራት ሄዳ አታውቅም። ለጓደኞቿም «እናቴ ነጋዴ ናት» ከማለት ያለፈ ነገር አልነገረቻቸውም። ሰባተኛ ክፍል እያለች አንድ ልጅ አጠገቧ ሲቀመጥ አፍንጫውን ይዞ «ቆቃ መጣች!» ካለ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት እጇን በሎሚ ሳታሽ ከቤት አትወጣም። ዛሬም ለእናቷ የነገረቻት ልደቱ ሜሪ ቤት እንደሆነ ነው።

«ይሸታል» አለች ሜሪ በድንገት።

«ምኑ?» አለች ሃፍሳ።

«ዓሣው ነዋ። አይሸትሽም? ትኩስ አይደለም።» ሳህኑን በጣቷ ጫፍ ገፋ አደረገችው። «ይቅርታ፣ ይሄን መብላት አንችልም።»

ሱፊያን ደነገጠ። «የኔ እህት፣ ዛሬ ጠዋት የገባ ነው።»

«ታዲያ ልዋሽ ነው?»

ድምጿ ከፍ ስላለ የአጎራባቹ ጠረጴዛ ሰዎች ዞር አሉ። ሥራ አስኪያጁ አቶ አምባዬ ኮታቸውን እየቆለፉ መጡ። ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«ምን ችግር አለ ልጆች?»

«ዓሣው ይሸታል» አለች ሜሪ።

«እናንተንም ሸተታችሁ?»

ሃፍሳ ዓይኗን ሰበረች። «እኔ እንኳ ዓሣ ብዙም አላውቅም። ሜሪ ካለች… አዎ።»

«ጋዲሴ፣ አንቺ በይ» አለች ሜሪ። በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥ አደረገቻት። «አሽትቺውና ንገሪያቸው።»

ጋዲሴ ጎንበስ አለች። ነጭ ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ የተጠበሰ ቆዳ። ሌላ ምንም የለም። ሁለቱ እጆቿ ጭኖቿ ላይ ነበሩ፤ ወደ ውስጥ ጨበጠቻቸው። አይሸትም ብትል፣ አንቺ በምን አወቅሽ እንደሚሏት ታያት። ከዚያም አንዷ እጇን ይዛ የምታሸት መሰላት።

«አዎ» አለች። «ትንሽ።»

አቶ አምባዬ ሳህኑን ራሳቸው አነሱት። «ይቅርታ አድርጉልን። ሌላ ይመጣላችኋል።» ሁለት እርምጃ ሄደው ሱፊያንን ጠሩት። ድምጻቸውን ዝቅ ቢያደርጉም ጋዲሴ ትሰማ ነበር።

«የማን ነው?»

«የወይዘሮ ዘርፉ ነው። ግን የሳቸው ዓሣ እኮ እንዲህ ሆኖ አያውቅም፣ አቶ አምባዬ።»

«ከባለቤቷ ጊዜ ጀምሮ አውቃለሁ። ቢሆንም ሦስት ልጅ ተስማምቶ ይዋሻል? ደውልላት፤ ከሰኞ ጀምሮ እንዳታመጣ።»

ጋዲሴ አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት ሜሪ የዳቦውን ቅርጫት አቀበለቻት፤ ተቀበለችው።

ቀጥሎ የመጣው ፊሌቶ ነበር፣ ራስም ዓይንም የሌለው። ሜሪ አንድ ጎርሳ ዓይኗን ጨፈነች። «ዓሣ ማለት ይሄ ነው!» ጋዲሴ ከዚያው ሳጥን የወጣ መሆኑን ታውቃለች፤ አጥንቱን የለየችው እናቷ ናት። የጎረሰችውን በውኃ አወረደችው። ሲጨርሱ ሱፊያን ለብ ያለ ውኃ በጎድጓዳ ሳህን አመጣላቸው፤ የሎሚ ቁራጭ ይንሳፈፍበታል።

«ሾርባ ነው?» አለች ሃፍሳ።

«ፋራ! እጅ መታጠቢያ ነው» አለች ሜሪ።

ጋዲሴ ጣቶቿን ነከረች። ከቤቷ የምታውቀው ሽታ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ ሜሪ ትከሻዋን አቀፈቻት። «ዛሬ አዳንሽኝ ፍሬንድ። ዓይኑን ሲያፈጥብኝ እኮ ልሞት ነበር! ለሃፍሳ ደግሞ የዓመት መሳቂያ ልሆንላት።»

«እና አልሸተተም?» አለች ሃፍሳ።

«ምን ይሸታል!» ሜሪ ሳቀች። ሃፍሳም ሳቀች። ጋዲሴ በመንገዱ ዳር የሚያልፉትን ሱቆች ታይ ነበር።

ጋዲሴ ቤት ስትደርስ እናቷ ግቢ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጣ የበረዶ ሳጥኑን ታጥባለች። የበረኪናው ሽታ ከበሩ ጀምሮ ዓይን ያቃጥላል።

«መጣሽ? ልደቱ እንዴት ነበር?»

«ጥሩ።»

«ከፎቁ ደውለው ነበር።» እናቷ ቀና አላለችም። «አንዱ ዓሣ ሸተተ አሉ። ከሰኞ ጀምሮ አያስፈልገንም አሉኝ። እኔ እንጃ፤ ሰሞኑን ጉንፋን ይዞኝ የለ፣ አፍንጫዬ ሳይሆን አይቀርም። ወይ ደግሞ ሳጥኑ አርጅቷል። ፕላስቲክ ጠረን ይይዛል ይላሉ። ይሄ ካልለቀቀ እጥለዋለሁ።»

በሽቦ ነበር የምታሸው። ጋዲሴ ቀረብ ስትል ነው ያየችው። በሳጥኑ ክዳን ላይ በቀይ ቀለም አብተው የሚል ተጽፎበታል። አባቷ የራሱን ስም በእጁ የጻፈው ነው። እናቷ ሳጥኑን ስታጥብ ያን ቦታ ሁልጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ነበር የምታብሰው። አሁን ግን ሽቦው ደርሶበታል። የመጨረሻዋ ፊደል ጠፍታ ቀይ አረፋ ሆናለች።

ጋዲሴ የልደት ቀሚሷን ሰብስባ ቁጢጥ አለች። ሽቦውን ከእናቷ እጅ ወሰደችው።

«ተዪው፣ እማዬ።»

«ገና ነው፤ ጠረኑ…»

«ጠረን የለውም።» ሽቦውን ከሳጥኑ አርቃ መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ጅራቱ የተቀደደው ቆሮሶ ነበር።»

የእናቷ እጅ በውኃው ውስጥ ቆመ። በስልክ የደወለው ሰው የትኛው ዓሣ እንደሆነ አልነገራትም። የልጇን ፊት አየች፣ ቀሚሷን አየች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ሻሿን ፈታ በጫፉ ከክዳኑ ላይ አረፋውን ቀስ እያለች ጠረገች፤ የቀሩት ሦስቱ ፊደላት እንዳይነኩ እየተጠነቀቀች።

ጋዲሴ ተነሥታ የጫማዋን ማሰሪያ አጠበቀች።

«ወዴት ነው?» አለች እናቷ።

«ፎቁ። አቶ አምባዬ ሳይወጡ ልድረስ።»

«ጓደኞችሽ ያውቃሉ?»

ጋዲሴ የሜሪን ሳቅ አሰበች፤ ክፍሉን፣ የአጠገቧን ወንበር።

«ሰኞ እነግራቸዋለሁ።»

እናቷ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። «እጅሽን ታጠቢ» አለቻት። «በረኪና ነክቶሻል።»

ጋዲሴ ወደ ቧንቧው ሄደች። የጠዋቱ ግማሽ ሎሚ ጠርዙ ላይ እንደተቀመጠ ነው። በውኃ ብቻ ተለቃልቃ፣ እጇን እያራገፈች ወጣች።