ምስጥ የበላው የደብዳቤ ጫፍ

ካሳ የእናቴን ደብዳቤ አጣሞ አነበበልኝ። በደሉ ይኸው ነው። አዋሽ ላይ አንድ ጋራዥ ስንሠራ፣ እኔ ጎማ የምጠግን ጎሚስታ፣ እሱ የዕቃ ክፍል ጸሐፊ፣ ፊደል ስላልቆጠርኩ ከአገር ቤት የሚመጣልኝን ወረቀት ሁሉ የሚያነብልኝ እሱ ነበር፣ ያን ቀንም ገለጥ አድርጎ አየና «ሁሉም ደህና ናቸው፣ ሰላም ይሉሃል» ብሎ አጥፎ ሰጠኝ። በዓመቱ የአገሬ ሰው መጥቶ እናቴ ስትጠራኝ ስትጠራኝ መሞቷን ነገረኝ።

ጥዬው ሰመራ ገባሁ። አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ተመዝግቤ ፊደል ቆጠርኩ፣ መጀመሪያ ያነበብኩትም ያንኑ ደብዳቤ ነው፣ «ታምሜአለሁና ቶሎ ና» ይላል፣ ከዚያ በታች ያለውን ምስጥ በልቶታል። ረግማኝ ይሁን መርቃኝ ሳላውቅ ኖርኩ።

እንግዲህ ስማኝ ወዳጄ፣ እኔ በመንፈስና በሟች ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚያወራልኝን ሁሉ «ጫት ቀንስ» እያልኩ ነው የምሸኘው። እኔን የሚያስቸግረኝ መንፈስ ሳይሆን የማላውቀው ሰው ነው፣ ስልኬ ላይ መጻጻፊያ አፕ ከጫንኩ ጀምሮ አንዷ «ሃይ ውዴ» ትላለች፣ ሌላው ዕጣ ወጣልህ ይላል፣ ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ነው ወይ እያልኩ አጠፋቸዋለሁ።

ያን ቀን እኩለ ቀን ነው፣ የሰመራን እኩለ ቀን ታውቀዋለህ፣ ውሻ እንኳ አይጮህም። መብራት ሄደ፣ ፋኑ ዞሮ ዞሮ ቆመ። እኔና ጎረቤቴ አሊ፣ አፋር ነው፣ የመጋዘን ዘበኛ፣ በረንዳ ላይ ተጋድመናል። ስልኬ ምንጣፉ ላይ ድዝዝ አለ። መልእክት ነው፣ የላኪው ፎቶ የለም፣ በስሙ ቦታ አንዲት ነጥብ ብቻ፣ «ደህና ዋልክ?» ይላል። «ማነህ አንተ ሥራ ፈት?» ብዬ ጻፍኩ። ቆይቶ ደግሞ ድዝዝ፣ «ደህና ዋልክ?»

«አሊ፣ ያንተ ስልክ ኔትወርክ አለው?»

«የለም፣ ከመብራቱ ጋር ሄዷል።»

የእኔንም አየሁት፣ የለውም።

«ታዲያ ይሄ በምን መጣ?»

አሊ አየው፣ አልነካውም። «ስድብ ምንድነው?» አለኝ። «ዳጉ ጠይቀው። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ በለው። በዳጉ የተጠየቀ አይዋሽም።»

«ዳጉ እናንተ መንገድ ላይ ስትገናኙ ወሬ የምትለዋወጡበት ነው፣ ይሄ ሌባ ነው።»

«ሌባስ መንገደኛ አይደለም? ጠይቀው።»

ለቀልድ ብዬ ጻፍኩ። «እየጻፈ ነው» የምትለዋ ምልክት ወጣች፣ ጠፋች፣ እንደገና ወጣች። ከዚያ እመነኝ፣ እንዲህ የሚል መጣ፦ «ከቤት ነው የመጣሁት። ባይመችህ አትምጣ፣ አልቀየምህም። ጋኗን የሰበርካት አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ፣ ድመቷን በከንቱ ነው የገረፍኳት።»

ጋኗን የሰበርኳት የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው፣ ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

«ምን ይላል?» አለ አሊ።

«ሁሉም ደህና ናቸው» አልኩት። ልመልስላት ስል ገጹ ባዶ ሆኗል።

እናቴ ያጻፈችው፣ ምስጥ የበላው ጫፍ ይሄ ከሆነ የላከው ካሳ ነው አልኩ። ደብዳቤውን የጻፉላት መሪጌታ ከእሷ ቀድመው አርፈዋል፣ ከእሱ ሌላ ያየው የለም። በማግስቱ አዋሽ ሄድኩ። በስኳር በሽታ ዓይኑ ጠፍቶ ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፣ በድምፄ አወቀኝ።

«ልትመታኝ ነው?»

«ልጠይቅህ ነው። የደብዳቤው ጫፍ ምን ይል ነበር?»

«አላነበብኩትም። ታምሜአለሁ የሚለው ላይ ስደርስ አጠፍኩት» አለ። «ከሄድክ አትመለስም ብዬ ፈራሁ፣ አዋሽ ላይ ካንተ ሌላ ሰው አልነበረኝም።»

በኪሱ ያለችው የቁልፍ ስልክ ናት፣ ከመደወል በቀር ሌላ አታውቅም። «አንተ ደንቆሮ» አልኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ጫፉን በቃሌ አነበብኩለት።

«ምስኪን ድመት» አለና ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

አሁን ደህና ነኝ። የማላውቀው ሰው ሲጽፍልኝ ከየት መጣህ እለዋለሁ፣ ሌቦቹ ግራ ይገባቸዋል። አንዳንድ እኩለ ቀን ግን፣ መብራት ሲሄድ፣ ያችው «እየጻፈ ነው» ብቅ ትላለች፣ ምንም አይመጣም። ምን ቀርቷት ይሆን? እሱን አላውቅም። ከካሳ ጋር የታረቅነው ግን ጥቅምት ሃያ አንድ ቀን፣ በማርያም ዕለት ነው።